የአሮጌ ግድግዳ አፈር

«ልጄ የበላው ምንድን ነው?»

ካፒቴን ሳድባርግ በወረዳው ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ኮፍያዋን በብብቷ ሸጉጣ ቆማ፣ ቂማትጉል የምትባለውን ወጣት እናት አየቻት። ከበሩ ወዲያ፣ ጡት ከጣለ ብዙ ያልቆየው ልጇ ፓይራቭ አልጋ ላይ ይንዘፈዘፋል። ሲንዘፈዘፍ የብረቱ አልጋ ይንኳኳል። ሲያቆም ደግሞ ዝምታው ከመንኳኳቱ ይብሳል።

«ፖሊስ አይደለሽ? ንገሪኛ!»

«እየፈለግን ነው፣ እህቴ።»

«እናንተ የምትፈልጉት የላሞቹን ገዳይ ነው። ለላሞቹ ሁለት መኪና ፖሊስ መጣ። እኔ ልጄን ያመጣሁት በአህያ ጋሪ ነው።»

እውነቷን ነበር። ያን ጠዋት በሹርዳሽት መንደር፣ ሴቶቹ በሚያርሱት ማሳ ዳር፣ ሦስት ላሞቻቸው እግራቸውን ገትረው ሞተው ተገኙ። ጣቢያው የተደወለለት ለነሱ ነው። ሰው ሁሉ ላሞቹን ከቦ ሲጮህ ፓይራቭ ከበስተኋላ ወደቀ፤ እናቱም ብቻዋን አነሳችው።

ዶክተር ፋይዙሎ መነጽሩን እየጠረገ ወጣ። ሽማግሌ ነው፤ ሳድባርግን ራሷን ያዋለዳት እሱ ነው።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአንጎል ትኩሳት ሊሆን ይችላል። የአይጥ መርዝ ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ገዳይ ነው። አሁን የማደርገው መንዘፍዘፉን ማብረድ ብቻ ነው። እሱም ብዙ አይቆይም።»

«ምን ያህል ጊዜ አለኝ?»

«ልብ የሚችለውን ያህል። የሱ ልብ ደግሞ እንደ ለውዝ ፍሬ ናት።»

ቂማትጉል ከጨርቅ ውስጥ የወተት ጠርሙስ አወጣች። «አክስታችን ኾላ ቢቢሶሮ ልከውልኝ ነው። ከራሳቸው ላም ያለቡት። ወተት መርዝ ያበርዳል።»

ማንም አልከለከላትም። ሳድባርግም የራሷ ልጅ ቢሆን ያንኑ ታደርግ ነበር።

መንደሩ ውስጥ የጉልሙሮድ በር በድንጋይ ይደበደብ ነበር። ጉልሙሮድ ማሳው ከሴቶቹ ማሳ ጋር የሚዋሰን የጥጥ ገበሬ ነው። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሰማያዊውን የእንጨት በር ይወግራሉ።

«ውጣ፣ መርዘኛ!»

«ጥጥህን ብላው! የልጅ ደም ይነቅህ!»

ወፍራሙ ሳጅን ቦይማት ከመኪናው አልወርድም አለ። «ካፒቴን፣ ከፊት ሁኚልኝ። ድንጋይ ሰፊ ነገር ይወዳል።»

ሳድባርግ በሕዝቡ መሀል አልፋ ገባች። ጉልሙሮድ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ከግንባሩ ላይ ደም ይጠርጋል።

«አካ ጉልሙሮድ፣ ወንድሜ፣ ‹ላሞቹ ጥጤ ውስጥ ዳግም ከገቡ የመጨረሻ ሣራቸው ነው› ብለሃል?»

«ብያለሁ! ሚስቴንም ስንት ጊዜ እገድልሻለሁ ብያታለሁ፤ ይኸው ዕድሜ ልኬን እየገደለችኝ ነው።»

«ጎተራህን ልፈትሽ።»

«ፈትሺ። ያለው አይጥ ነው።»

ለአይጡም መርዝ ነበረው። ቦይማት ከጎተራው ጥግ በጥቁር ዱቄት የታሸ ስንዴ በቆርቆሮ አወጣ። አለቃዋ ኮሎኔሉ ስልክ ላይ ይህን ሲሰማ አልጠበቀም።

«ዛቻ አለ፣ መርዝ አለ። ምን ቀረሽ?»

«ልጁ ቀረኝ፣ ጌታዬ። ልጁ እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም።»

«ያዢውና ይለፍልፍ።»

ያዘችው፤ ከሕዝቡ ለማዳን ስትል ያዘችው። መኪናው ውስጥ ካስገባችው በኋላ ወደ ማሳው ሄደች።

ይህን ማሳ ሳድባርግ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ያኔ በረዶ የጣለበት ይመስል ነበር፤ ግን ጨው ነው። ጥጥ ጠጥቶ ጠጥቶ የተወው መሬት ነው። ወንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ሩሲያ ሄዱ። ሴቶቹን ኾላ ቢቢሶሮ፣ መንደሩ ሁሉ አክስቴ የሚላቸው መበለት፣ አካፋ አስያዟቸው። የውሃ መውረጃ ቦይ በእጃቸው ቆፈሩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እያስተኙ ጨውን አጠቡት፤ ፍግ ተሸከሙለት፣ አልፋልፋ የሚባል የከብት መኖ ዘሩበት። በስንት ዓመቱ አረንጓዴ ሆነ። አሁን አልፋልፋው ጉልበት ይደርሳል፤ በላዩም ላሞቹ ተነፍተዋል።

የከብት ሐኪሙ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ የአንዷን ላም ጨጓራ ያገላብጣል።

«ስንዴ አለ?» አለችው።

«አንዲት ፍሬ የለም። አልፋልፋ አለ፣ ጭቃ አለ። ይኼም አለ።»

በመዳፏ ላይ ያስቀመጠላት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ የቀለም ቅርፊት ነበረች።

ቦይማት ዘሎ ተነሣ። «የጉልሙሮድ በር! አለቀ፣ ደቀቀ፣ ምሳ እንብላ!»

ሳድባርግ ግን ቅርፊቷን ገለበጠቻት። ከጀርባዋ ኖራ አለ። ከኖራው ጀርባ ጭቃ፤ ከጭቃው ውስጥ የጭድ ስባሪ።

«በር እንጨት ነው፣ ቦይማት። ይኼ የተላጠው ከግድግዳ ላይ ነው።»

አልፋልፋውን ገልጣ አየች። አፈሩ ላይ የደቀቀ የጭቃ ጡብ ተበትኗል። ይህ ማንንም አያስገርምም። በዚያ አገር አሮጌ የጭቃ ግድግዳ ሲፈርስ አይጣልም፤ ተከስክሶ ማሳ ላይ ይበተናል። ዝናብና ፀሐይ የጠጣ ግድግዳ ለአፈር ብርታት ነው ይላሉ፤ ነውም። አባቷም የአያቷን ቤት እንዲሁ አድርጎ የሐብሐብ ማሳው ላይ በትኖታል። አሮጌ ግድግዳ ጨው ያወጣል፤ ጨው ደግሞ ላም ትልሳለች። ልጅም ይልሳል።

ወዲያው ቂማትጉል ጋ ደወለች። «የግድግዳውን አፈር በበተናችሁበት ደቦ ዕለት ፓይራቭ የት ነበር?»

«አጠገቤ፣ ማሳው ዳር። ላሞቹ ያሉበት ጋ። ጓል ይጠባ ነበር። አንዴ ቀማሁት፤ ሲያለቅስ መለስኩለት። ጓል ምን ያደርገዋል ብዬ… እኛም እኮ ጠብተን ነው ያደግነው!»

«አንቺ አላጠፋሽም።»

«ታዲያ ማን ነው ያጠፋው?»

ሳድባርግ ስልኩን ዘግታ ዞር አለች። ላሞቹ ከወደቁበት ዙሪያ ያለው መሬት ከሌላው እንደሚለይ አየች። እዚያ አንዲት ጓል የለችም፤ በእጅ ተለቅሟል።

ኾላ ቢቢሶሮ ግቢያቸው ውስጥ ከእንጨት በተሠራው መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ላይ ዘርግተዋል። ሁለቱም እጃቸው በዘይት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጅዎ ምን ሆነ፣ ኾላ?»

«ሱፍ ሳጥብ፣ ልጄ። ሳሙናው በላኝ። ዳቦ ቁረሺ።»

ቆረሰች። የቀረበ ዳቦ አይታለፍም። «ግድግዳው ከየት መጣ?»

«ከላይኛው መንደር፣ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት። ልጄ ማሩፍ በካሚዮኑ አመጣልን። እናቱ በዚህ ማሳ ስትደክም አይቶ አዘነልኝ። መርቀነው ነው የበተንነው።»

«የላሞቹ ሬሳ አጠገብ ያለውን ማን ለቀመው?»

አሮጊቷ ዳቦውን አስተካከሉት። «እኔ ነኝ። ሞት ያለበትን ቦታ ማጽዳት ልማዴ ነው።» ቀና ብለው፣ «ልጁ እንዴት ሆነ? ወተቱን ይጠጣል?» አሏት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ግን አልፈረሰም። ጣሪያውም፣ ወፍጮውም፣ ወፍጮኛውም አለ። ሽማግሌው ዱቄት ከጢሙ እያራገፈ ሳቀ።

«ፈረሰ? እኔ ውስጡ እያለሁ? ቢያንስ ይነግሩኝ ነበር እኮ!»

ቦይማት አብሮት ሳቀ። ሳድባርግ አልሳቀችም። በመመለሻው መንገድ ላይ ቅርፊቷን ከኪሷ አውጥታ ታያት ነበር።

«ቦይማት፣ ጭቃ ግድግዳን እስከ ደረት ድረስ በሰማያዊ ዘይት ቀለም የሚቀባ ማነው?»

«ድሮ መንግሥት ነው። ትምህርት ቤታችን እንዲያ ነበር፤ ጀርባችን ሁሉ ሰማያዊ።»

«ትምህርት ቤቱ አልፈረሰም። ክሊኒኩም ቆሟል።»

ቦይማት መኪናውን ዳር አስያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የአውሮፕላኑ ሜዳ» አለ።

በድሮ ጊዜ ጥጥ ላይ መርዝ የሚረጩት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚነሱበት ሜዳ ከመንደሩ ጀርባ ነው። መርዙ የሚቀመጥበት መጋዘን እዚያ ነበር። ዘንድሮ ፈርሷል፤ የቀረው መሠረቱ ብቻ ነው። መሬቱን የማጽዳት ሥራ እንዳለ ወረዳው ሁሉ ሰምቷል። መጋዘኑን አፍርሶ፣ አሽጎ፣ ቃራዱማን ተራራ ላይ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀብር ሥራው የተሰጠው ለማሩፍ ነበር። ሳድባርግ ሜዳው ላይ ከመኪናው ስትወርድ ሽታው ጉሮሮዋ ላይ ተለጠፈ፤ ሻጋታ የሚመስል፣ ደግሞ የሚጣፍጥ።

ዶክተሩ ጋ ደወለች።

«የትኛው መርዝ?» ብሎ ጮኸ ፋይዙሎ። «እዚያ ቤት ስንት ዓይነት ነበር! አንዱ መርፌ አለው። ሌላው መርፌ የለውም፤ እሱ ግን ወተትና ስብ ካገኘ ወደ ደም ይጋልባል። ወተቱን አሁኑኑ አስቆማለሁ። መርፌውን ግን ልስጥ ወይስ አልስጥ? ያለቦታው ከሰጠሁት ያቺን ልብ የምገድላት እኔ ነኝ። የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ!»

ወተቱ። የዚያ ማሳ አልፋልፋ የበላች ላም ወተት። ሳድባርግ ስልኩን ይዛ የመኪናውን ጎማ ረገጠችው፤ ደገመችው።

ማሩፍን ካሚዮኑ ሥር ተኝቶ አገኙት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ሰገደላት።

«አፓ ካፒቴን፣ እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«መጋዘኑን የት አደረስከው?»

«ተራራው ላይ ነዋ!» ስልኩን አወጣ። ፎቶው ላይ አንድ ጉብታ አለ፤ ሽቦ ታጥሮበት፣ የራስ ቅል የተሣለበት ሰሌዳ ተተክሎበት። «ተቆጣጣሪ መሐንዲሱም መጥቶ አይቶ ፈርሞበታል። እዚያ ሳድር በብርድ ልሞት ነበር።»

«ለእናትህ ያመጣኸውስ?»

«ከየሰፈሩ የለቀምኩት ነው።»

«ወፍጮ ቤት ነው አሉ።»

«እማ ዕድሜዋ ሄዷል፤ ታምታታለች።»

«መጋዘኑ ውስጥ ምን ነበር? ልጅ እየሞተ ነው፣ ማሩፍ።»

ለአንድ ዓይን ጥቅሻ ፊቱ ፈረሰ። ከዚያ ተመለሰ። «ባዶ ነበር፣ አፓ።»

ኮሎኔሉ እንድትይዘው አልፈቀደም። «የተፈረመ ሥራ ነው። ጉልሙሮድን ይዘሽ ሌላ ሰው ታሳድጃለሽ? ሰው ምን ይለናል?»

«ፊርማ መርዝ ይቀብራል እንዴ፣ ጌታዬ?»

ስልኩ ተዘጋባት። እሷም አካፋ ጫነችና ወደ ተራራው ወጣች።

ጉብታው እንደ ፎቶው ነበር። ቦይማት ሸሚዙን አውልቆ ቆፈረ። ልቅ የሆነው አፈር ከአንድ አካፋ ጥልቀት በላይ አልሄደም። ከሱ ሥር መሬቱ ጠንካራ ነው። ሳድባርግ ተንበርክካ በጣቷ ጫረች። የዱር ቱሊፕ አበባ ሥሮች፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ራስ ድቡልቡል ሆነው፣ አንዱም ሳይነካ በየቦታቸው ተኝተዋል። ልጅ ሆነው ቆፍረው ይበሏቸው ነበር። እያንዳንዷ ወደዚያ ጥልቀት ለመውረድ ዓመታት ይፈጅባታል።

«እዚህ ማንም ጉድጓድ ቆፍሮ አያውቅም» አለች።

«ታዲያ መሐንዲሱ ምን አይቶ ፈረመ?»

«ሰሌዳውን።»

ሲመለሱ ካሚዮኑ ቆሟል፤ ማሩፍ የለም። ስልክም አያነሣም።

ኾላ ቢቢሶሮ መደቡ ላይ ነበሩ። ዳቦ አቀረቡ። ሳድባርግ አልቆረሰችም፤ ቆማ ቀረች። አሮጊቷ የዳቦውን መገፋት አይተው ፊታቸው ገረጣ።

«እጅሽን ፍቺው» አለች ሳድባርግ። በዕድሜዋ ሙሉ የእናቷን እኩያ አንቺ ብላ አታውቅም።

ጨርቁ ተፈታ። መዳፋቸው ውኃ ቋጥሮ ተልጧል።

«ሱፍ አይደለም። ላሞቹ ሲወድቁ ሰማያዊውን ጓል አየሽ፤ ሽታውንም አወቅሽው። በወጣትነትሽ ጥጥ ስትለቅሚ ከሰማይ የተረጨብሽ ሽታ ነው። ፖሊስ ሳይደርስ ለቀምሽው።»

«ከላሞቹ በፊት አላወቅሁም። በልጆቼ እምላለሁ።»

«ከላሞቹ በኋላስ?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ማሳው አዞሩ።

«ከላሞቹ በኋላ ፓይራቭ ወደቀ። ሐኪሙ ምን እንደበላ ንገሩኝ እያለ ይጮሃል። ጉልሙሮድ ይወገራል። አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ፤ አውቀሽ ወተት ትልኪያለሽ!»

«ምን ልላክ ታዲያ? ሌላ ምን አለኝ?» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ማሩፍ እግሬ ላይ ወድቆ ነገረኝ። መንገዱ ክፉ ነው፣ ካሚዮኑ አይችልም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ግድግዳ ግድግዳ ነው ብሎ። ዱቄቱን ያራገፈው መስሎት ነበር። አንቺም እናት ነሽ። ሁለቱ ሩሲያ ቀሩብኝ፤ አንዱ በሬሳ ሣጥን ተመለሰ። የቀረኝ እሱ ነው። እናት ከሆንሽ ይገባሻል።»

«አይገባኝም!» ሳድባርግ መደቡን በቡጢ መታችው። «ወደ ማታ ልጄ ሲያስለው እንኳ ደረቴ ይቀደዳል፤ እሱ ይገባኛል። የሌላዋን ልጅ ለራስሽ ልጅ መሸሸጊያ ማድረግሽ ግን አይገባኝም። ቂማትጉል ስንት አላት? አንድ! ማሩፍ ያንቺን ስልክ ያነሣል። መጋዘኑ ውስጥ የነበረውን ጠይቂው።»

«ከደወልኩ ትይዙታላችሁ።»

«እንይዘዋለን።»

ዶሮ ግቢው ውስጥ ጫረች። አሮጊቷ በተላጠው ጣታቸው ስልኩን ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ። ለመጫን ተቸገሩ። ሳድባርግ አልረዳቻቸውም።

«እማ?» አለ ድምፁ። ከበስተኋላው የሰው ጫጫታና የድምፅ ማጉያ ይሰማል።

«ማሩፍ፣ መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? ስሙን ንገረኝ።»

«ማን አለ አጠገብሽ?»

ኾላ ቢቢሶሮ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ማንም የለም፣ ልጄ። ለልጁ ነው። ለሐኪሙ በሰው ልላክለት ብዬ ነው።»

«…ዱስት ነው። ነጩ፣ በከረጢት ያለው። ለቅማል የምትነሰንሱብን የነበረው። ሌላ አልነበረም፤ በርሜሎቹን ሌቦች ድሮ ወስደዋቸዋል። እማ፣ እየተሳፈርን ነው። ሞስኮ ስደርስ…»

«መንገድህ ይቅና» አሉና ዘጉት።

ሳድባርግ መጀመሪያ ሆስፒታሉ ጋ ደወለች። «ዱስት ነው፤ ሌላ የለበትም። መርፌውን ተወው።» ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ደወለች። ሁለተኛውን ስልክ ስታወራ አሮጊቷ ጀርባቸውን አላዞሩም፤ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

ዶክተር ፋይዙሎ የልጁን ሆድ አጥቦ፣ ከሰል አጠጥቶ፣ ቀንና ሌሊት ከአልጋው አልተለየም። አልጋው መንኳኳቱን አቆመ። ፓይራቭ ዓይኑን ገልጦ እናቱን አወቃት። ቀኝ እጁ ግን ማንኪያ ይዞ አይጸናም፤ ወደፊትም ይጽና አይጽና ሐኪሙ አያውቅም።

«ነገርሽኝ» አለቻት ቂማትጉል። ምስጋናም ወቀሳም አልነበረበትም።

ኮሎኔሉ ጉልሙሮድን ፈቶ መዝገቡን ዘጋ። ሳድባርግ የመሐንዲሱን ስም አንሥታ ስትከራከር፣ ሰውዬው በዚያው ሰሞን ወደ ዋና ከተማው በሹመት ሄዷል ብሎ ነገራት። የመላ አገሩን የተበከለ መሬት ጽዳት ሊቆጣጠር ነው የሄደው። ሳድባርግ ቢሮው ውስጥ የተናገረችውን ቦይማት ከደጅ ሆኖ ሰማ፤ ለማንም ግን አልደገመውም።

በጸደይ ሴቶቹ የማሳውን የላይኛውን አፈር ገፍፈው በከረጢት አሸጉት። ስንት ክረምት ያጠቡትን፣ በፍግ ያደለቡትን አፈር ነው የገፈፉት። አንዳንዶቹ አካፋውን ጥለው አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ ተሳደቡ። ጉልሙሮድ ትራክተሩን አስነሥቶ መጣ። በሩን የወገሩት ሴቶች ይቅርታ አልጠየቁትም፤ እሱም፣ «ድንጋይ ስትወረውሩ ያየሁትን ጉልበት አሁን አሳዩኝ» ብቻ አላቸው። ከረጢቶቹን ቃራዱማን አድርሶ፣ በውል በተቆፈረ ጉድጓድ ቀበረላቸው። ከሥር በቀረው አፈር ላይ ዱባ ተከሉ። ዱባ መርዙን ከመሬት ይስባል ተብለው ነው። ፍሬው ሲደርስ ወርቅ መሰለ፤ ሴቶቹ ግን ልጆቹን በዱላ እያባረሩ አንድ በአንድ ለቅመው ወሰዱና እሱንም ቀበሩት። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ከዚያም በኋላ።

ማሩፍ ከአውሮፕላኑ መሰላል ላይ ተይዞ ወደ እስር ቤት ሄደ። ቂማትጉል ዱባው ሳያብብ ልጇን አዝላ ባሏ ወዳለበት፣ ወደ ሩሲያ ሄደች፤ ቤቷን ለማንም አላስረከበችም። የጉልሙሮድ ሚስት፣ በሩ የተወገረ ቤት ውስጥ አላድርም ብላ እናቷ ቤት ሄደች። እሱ ቀረ። ኾላ ቢቢሶሮም ቀሩ፤ ማንም ሰላም በማይላቸው መንደር፣ ከማሳው ዳር ብቻቸውን ይኮተኩታሉ።